ከኋላዬ የሚስለው

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ሆስፒታል ሄድኩ። የሳንባ ማገገሚያ ይሉታል። ስምንት ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ሠላሳ አንድ ዓመት ድንጋይ ስቆርጥ የዋጥኩትን አቧራ ሊያወጡልኝ መስሎኝ ነበር።

"አቧራው አይወጣም አባባ" አለችኝ አሰልጣኟ። "በቀረዎት ሳንባ መኖር ነው የምናስተምርዎት።" ነገሯ ቁርጥ ያለ ነው። ኮማንደሯ ብያታለሁ።

ጣቴ ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ያለ ነገር ሰካችልኝ። "ልታሰጪኝ ነው?" ስላት ሳቀች። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ስድስት ደቂቃ አስኬደችኝ። ሁለት መቶ አሥር ሜትር። ኤሊ ብትወዳደረኝ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

አንድ ነገር አልነገርኳትም። ስሄድ ከኋላዬ ሰው ይስል ነበር። ዞር ስል... ኮሪደሩ ባዶ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ትንፋሽ ተማርን። በአፍንጫ መሳብ፣ ሊያፏጩ እንደሆነ ከንፈርን አሹሎ ቀስ ብሎ መንፋት።

"ሻማ እንዳያጠፉ አባባ፤ እሳቱን ያወዛውዙት ብቻ።"

"ሻማውስ? በጀት አልተፈቀደም?"

ሳሉ ዛሬም መጣ። ሁለት አጭር፣ ከዚያ ጉሮሮ መጥረግ። አውቀዋለሁ። እንዴት አላውቀው? የሙሽሪት ነው።

ሙሽሪት ከሞተ ስንት ዓመቱ?

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ልጻፈው። ደብተር ነው፣ ማንን አፍራለሁ?

ሙሽሪት ወንድ ነበር። ድንጋይ መቁረጫው ግቢ ውስጥ ከጎኔ የሚቆርጥ፣ ዝምተኛ። አንድ ቀን የሚስቱን ሻሽ አፍና አፍንጫው ላይ አስሮ መጣ። እኔ ደግሞ ሰው ካላሳቅኩ ምሳ አይወርድልኝም። "እልል በሉ! ሙሽሪት መጣች!" አልኩ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ። በሦስተኛው ቀን ሻሹን ትቶ መጣ። ስሙ ግን ቀረ።

ሊሞት ሰሞን ልጠይቀው ሄድኩ። አልጋው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ መተኛት አይችልም። "ሙሽሪት ደከማት" አለኝ። ከዚያ ሁለት ጊዜ ሳለ።

ሳቅኩ እንዴ ያን ቀን? ... ሳቅኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 24

ሁለት መቶ ስልሳ ሜትር። ኮማንደሯ አጨበጨበችልኝ። ከኋላዬ ያለውም አብሮኝ ጨረሰ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 5

አሁን ማልጄ እየተነሳሁ ክፍሌ ውስጥ ስፖርት እሠራለሁ። በሁለት እጄ ውሃ የሞላ ጠርሙስ፣ ከፍ፣ ዝቅ። የልጅ ልጄ ትቆጥርልኛለች። ሰባት ስትደርስ ወደ ሦስት ትመለሳለች። ተንኮለኛ! በማን ወጥታ ይሆን?

ያኔ በመስኮቱ በኩል... ሁለት አጭር። ከዚያ ጉሮሮ መጥረግ።

ጠርሙሱ ከእጄ ወደቀ።

"ሰማሽው?"

"ምኑን?"

"የሚስለውን!"

"አባዬ ነው እኮ፣ አያቴ። ሁሌ ፊቱን ሲታጠብ ይስላል።"

ሁሌ። ስንት ጠዋት በእንቅልፌ ሰምቼው ይሆን?

የሞተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 6

ልጄን ያዝኩት። የሚሠራው እኔ በሠራሁበት ግቢ ነው። ያስቀጠርኩት እኔው፣ ያስተማርኩት እኔው።

"ማስክ ታደርጋለህ?"

"ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ እናደርጋለን።"

"ውሃስ? አቧራው እንዳይነሳ ውሃ እያፈሰስክ ነው የምትቆርጠው?"

"አባዬ፣ 'ድንጋይ ቆራጭ እንጂ አጣቢ አይደለንም' ያልከኝ አንተ አይደለህ?"

ብያለሁ።

"ሳልህስ?"

"ብርድ ነው።"

ሙሽሪትም ብርድ ነው ይል ነበር።

ራጅ ተነሳ አልኩት። "እሺ" አለ። እሺ ካለ አይሄድም፤ ልጄን አውቀዋለሁ። ዕድሜ ልኬን ቀልጄ፣ ዛሬ ቁም ነገር ብናገር ማን ያምነኛል?

ግቢው ድረስ መሄድ አለብኝ። ሰው በተሰበሰበበት ልንገረው። ከበራችን ሦስት መቶ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግን ዳገት ነው። ሦስት ዓመት አልወጣሁትም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

"ዳገት አስተምሪኝ" አልኳት ኮማንደሯን።

"ምነው አባባ፣ ሚስት ሊያገቡ ነው?"

"አንዲት ሙሽሪት አለችብኝ።"

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። አየት አደረገችኝና ወደ ደረጃው ወሰደችኝ። ሲረግጡ መንፋት፣ ትንፋሽ ሳያልቅ ቀድሞ መቆም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 26

የመጨረሻው ፈተና። ሦስት መቶ አርባ ሁለት ሜትር! የምስክር ወረቀት ሰጡን። "ወረቀቱ ይቅርብኝ፣ ማስክ ስጪኝ" አልኳት፤ የምሄድበትንም ነገርኳት። ሁለቱንም ሰጠችኝ። "ዳገቱ ላይ አያድርጉት፣ በሩ ጋ ሲደርሱ ያድርጉት። ከበሩ እንዳያልፉ።"

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 30

ወጣሁ። አምስት ቦታ አረፍኩ። እየረገጥኩ ነፋሁ፣ እየነፋሁ ረገጥኩ።

ግቢው እንደ ድሮው ነጭ ነው። ጣሪያው ነጭ፣ የሰዉ ቅንድብ ነጭ። ሙታኖቼ ተነስተው የሚቆርጡ መሰለኝ። በሩ ላይ ቆሜ ማስኬን አደረግኩ። አንድ የማላውቀው ቆራጭ ቀና ብሎ አየኝና ጮኸ፦

"እልል በሉ! ሙሽሪት መጣች!"

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ቃሉ የእኔ፣ የድምፁ አወጣጥ ሳይቀር የእኔ።

"ማን አስተማረህ?" አልኩት።

"እዚህ የነበረ ነው እኮ አባባ። ማስክ ያደረገን ሁሉ እንደዚህ ነው የምንለው።"

ማን እንደፈጠረው አያውቅም። ሙሽሪትንም አያውቅም።

ልጄ ማሽኑን አጠፋ። ሌሎቹም አጠፉ፤ ሽማግሌ ሊሞትባቸው መስሏቸው ይሆናል።

"የፈጠርኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "ሙሽሪት ሰው ነበር። አራት ልጆች ነበሩት። ስስቅበት ሻሹን አወለቀ፤ በአርባ አራት ዓመቱ ቀበርኩት። አሁን ደግሞ..." ትንፋሼ አለቀ። ከንፈሬን አሹዬ ነፋሁ። ሁሉም እያዩኝ። ሰው ፊት ቆሜ ሳላስቅ ስቀር ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

ከኋላዬ የሚስል አልነበረም። ከፊቴ ነበር። ልጄ። ሁለት ጊዜ።

ሐሙስ፣ ጥር 2

ልጄ ትናንት ራጅ ተነሳ። ውጤቱ ሰኞ ነው። ሰኞን ቶሎ አድርሰኝ እንዳልል... ሰኞ ምን ይዞ እንደሚመጣ ምን አውቄ?

ዛሬ ከሥራ ሲገባ ፊቱ ለሁለት ተከፍሏል። ቅንድቡና ግንባሩ ነጭ፣ ከአፍንጫው እስከ አገጩ ንጹህ። የማስኩ ቅርጽ ቁጭ ብሎበታል። የልጅ ልጄ በሳቅ ሞተችና ወደ እኔ ዞረች፤ ስም እንዳወጣለት።

አፌ ድረስ መጣ። ዋጥኩት።

ጆጉን አነሳሁና እጁ ላይ ውሃ አፈሰስኩለት።