ግግ ነው ብዬ ያወጣሁት

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ጥርስ ለመብላት ነው፤ ከበላሽበት ምን ቸገረሽ አልኳት። እናኑ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ይኼን ትጽፋለች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የምናገረውን የምታሰፍረው የልጄ ልጅ ናት፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በረንዳው ላይ ተቀምጠን።

ዛሬ አስተማሪዋ ቤት ድረስ መጣ። "አያ ሞላ፣ ይቺ ልጅ በጥርሷ የተነሳ ትምህርቷን ልትተው ነው" አለኝ። አሥረኛ ክፍል ናት፣ ከክፍሏም አንደኛ። ሰልፍ ላይ ወጥተሽ አንብቢ ሲሏት እንቢ ብላ አለቀሰች አሉ። ልጆቹ "ፍርስ አጥር" ነው የሚሏት። እውነትም አፏ ደህና አይደለም። ከላይ በግራ በኩል አንዱ ጥርስ ጨርሶ የለም። የቀኙ ከድዷ አናት ላይ ወደ ውጭ ሾልኮ ወጥቷል፣ እሱም ቢጫ ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ ወደ ግራ ዘመዋል። ስትበላ ወደ ግድግዳው ዞራ ነው። ስትስቅ ካየኋት ቆየሁ።

ከጎንደር የጥርስ ሐኪም ገንዳ ውሃ ከተማ መጥታለች፣ ይኼን ሳምንት ታያለች ተብሏል። ነገ እንሄዳለን። እኔ ለልጅቷ ብዬ ነው እንጂ በድድ ነገር ሐኪም አያስተምረኝም። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው፣ ሰውነቱ ሲግል፣ ድዱን ዳስሼ ነጩን እብጠት ፈልቅቄ የማወጣ እኔ ነኝ። ግግ እንለዋለን። በዚህ በኮኪት ቀበሌያችን ዙሪያ ያላወጣሁለት ልጅ ጥቂት ነው። የጤና ሠራተኞቹ ተው ይሉኛል፤ እናቶቹ ግን ይመጣሉ። እጄ እስከ ዛሬ አልተንቀጠቀጠም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ይኼን የሚጽፈው ባለሱቁ ጎረቤቴ ኢድሪስ ነው። የማክሰኞውን የነገርኩት ረቡዕ ነው። ለእናኑ ተናግሬ የማላስጽፋት ነገር አለበት።

ገንዳ ውሃ ገባን። ሙቀት። ወረፋ። ሐኪሟ ልጅ ናት፤ ከእናኑ ብዙም አትበልጥ። የእናኑን አፍ በመብራት አየች፣ በትንሽ መስታወት አየች። ከዚያ እኔን ትታ ለእናኑ ነገረቻት። ሽማግሌ የተቀመጠ አልመሰላትም።

"ሕፃን ሳለሽ ግግ ተብሎ ድድሽን ነክተውሽ ነበር?" አለቻት።

እናኑ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ሐኪሟ ያለችው ይኼ ነው። ግግ የሚባል በሽታ የለም። ያ ነጭ እብጠት ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስ ነው። ከሥሩ ደግሞ ትልቁ ጥርስ እየተፈጠረ ነው፤ ላይኛው ሲፈለቀቅ የታችኛውም ይነካል። አንዳንዱ እዚያው ይሞታል፣ አንዳንዱ ተጣሞ ይወጣል። አንዱ ሲጎድል አጠገቡ ያሉት ወደ ባዶው ቦታ ይዘማሉ። ይኼን ስትል ገባኝ። ሰሊጥ አጭደን እንዲደርቅ ሂላ በምንለው ክምር ስናቆመው ነዶው አንዱ በአንዱ ተደግፎ ነው የሚቆመው። ከመሃል አንዱን ነዶ ብትመዘው የቀረው ይጋደማል። ዕድሜዬን ሙሉ ሰሊጥ ሳቆም ኖሬ ይኼን አላሰብኩትም።

"ይቃናል?" አለች እናኑ። ይቃናል፤ ግን ጎንደር ድረስ መመላለስ አለ። ጥርሶቿ ላይ ቀጭን ሽቦ ይታሰርና በየጊዜው ጠበቅ ይደረጋል። በኃይል አይጎተትም፤ አጥንቱ ቀስ እያለ ነው የሚከተል። ሁለት ዓመት ቢፈጅ ነው። የጠፋው ግን አይበቅልም። በቦታው ሰው ሠራሽ ይተካል እንጂ የራሷ አይመለስም።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ጠየቀችኝ። "አባባ፣ የእኔን ያወጡት አንቱ ነዎት?"

እኔ ነኝ። በዚህ እጄ። አፌ ግን ሌላ ተናገረ። "የአንቺን እኔ አልነካሁም። እናትሽ እኔ ሳልሰማ ሌላ ሰው ዘንድ ወስዳሽ ነው" አልኳት።

እናቷ አዛለች የበኩር ልጄ ናት። ከሞተች አሥራ ሁለት ዓመት ሆናት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ጠዋት ብነሣ የአዛለች ፎቶ ከግድግዳው የለም። እናኑ አውርዳ ሣጥን ውስጥ ከታዋለች። ምነው ብላት "ያበላሸችኝን ሰው በየጠዋቱ ማየት አልፈልግም" አለች። የትምህርት ደብተሯን አንሥታ ሄደች። ዱላዬንና ይኼን ደብተር ይዤ ኢድሪስ ሱቅ መጣሁ። ጻፍልኝ አልኩት።

እውነቱ እንዲህ ነው። እናኑ የስድስት ወር ልጅ ሳለች አስቀመጣት። ሚያዝያ ነበር፤ የቆላው ሚያዝያ። አዛለች "አባዬ፣ ውሃ አንሷት ነው፣ ጤና ጣቢያ ልውሰዳት" አለችኝ። ለአገሩ ሁሉ ሳወጣ ኖሬ ለገዛ የልጅ ልጄ ልቅር? ብዬ ጮኽኩባት። ይዛ ልትወጣ ስትል ከእቅፏ ነጠቅኳት። ግራና ቀኙን አወጣሁ። አዛለች ደሙን በቀሚሷ ጠረገች። በማግሥቱ ተደብቃ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። የሰጧትን ዱቄት በውሃ እየበጠበጠች ስታጠጣት ሰነበተች። ልጅቷ ዳነች። እኔ አወቅሁና ዝም አልኩ፤ ሰዉ ሞላ አዳናት ሲል ደስ ብሎኝ ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ አዛለች ልጇን ከእኔ ጋር ብቻዋን ትታ አታውቅም። በኋላ ወባ ገደላትና ልጇ እኔው ዘንድ ቀረች።

ኢድሪስ እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀመጠ። "ለእኔ ሁለት ልጆች ያወጡት አንቱ አይደሉም እንዴ?" አለ።

ነኝ አልኩት።

"ያ ዞል!" አለ። ሲናደድ እንደ ሱዳኖቹ ነው የሚጣራ፤ አንተ ሰውዬ እንደማለት ነው። "እሺ የእኔስ ይሁን። አፍ አውጥታ አላደረግሁም የማትል ሴት ላይ ይለጥፉታል? ያውም በልጅዎ?"

እንዲህ ደፍሮኝ አያውቅም። አልተቆጣሁም። የምቆጣበት ነገር አጣሁ። ያወጣሁላቸውን ልጆች በስም ልቆጥር ሞከርኩ። የኢድሪስ ሁለቱ። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ሦስት። የቄሱ የልጅ ልጅ። መንታዎቹ። ስማቸውን ያልጠየቅኋቸው ይበዛሉ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

የጻፈው ኢድሪስ ነው።

ደብተሩን ለእናኑ ሰጠኋት። የማክሰኞውንና የረቡዑን አንብቢ አልኳት። ቆማ አነበበች። ጨረሰችና እንደገና ከላይ ጀመረች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። "እናቴን!" አለች። ሣጥኑን ከፍታ ፎቶውን አወጣች፣ በነጠላዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ያዘችው። ሄደች። የኢድሪስ ሚስት ዘሃራ ጋ ናት። ራት አልበላም ብላ ተኛች አሉኝ።

እኔም አልበላሁም፤ ግን የእኔ አለመብላት ለማን ይጠቅማል።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

ዛሬም የሚጽፈው ኢድሪስ ነው። እናኑ አልመጣችም። ትምህርት ቤትም አልሄደች። ዘሃራ እንደነገረችኝ ከማለዳ ጀምራ ቤተ ክርስቲያን እናቷ መቃብር ላይ ተቀምጣለች። ስታወራ ነበር አለች፣ ብቻዋን። ልከተላት ተነሣሁና ከቅጥሩ በር ተመለስኩ። ምን እላለሁ? ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም። ሰው ነው እኔን ሲለምን የኖረ። አባቴም አላስተማረኝ።

የማወጣበትን ያን ሹል ሽቦ ሰብሬ ሽንት ቤት ጨመርኩት። እንዲሁ ከንቱ ነው። ለማንም ጥርስ አይመልስለትም።

ቤቱ በጣም ሰፊ ነው። ዛሬ ነው ያወቅሁት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ዛሬ የምትጽፈው እናኑ ናት።

ጠዋት አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ መጣች። ከወሎ የመጣች ናት፤ ባሏ ማሽላ ሊያጭድ እዚሁ የቀረ። "አባ፣ ልጄን ግግ ይዞብኛል፤ ሁለት ቀን ሙሉ አስቀመጠው። በማርያም ያውጡልኝ" አለች። ልጁን ዳሰስኩት። ከንፈሩ ደርቋል። አላወጣም፣ ጤና ጣቢያ ሂጂ አልኳት።

"ጤና ጣቢያማ ግግ የት ያውቃሉ!" አለች። እኔ ሳስወራው የኖርኩትን ነው የመለሰችልኝ። "ለአገሬው ሰው ያወጣሉ፣ እኔ መንገደኛ ስለሆንኩ ነው? ግድ የለም፣ ከወንዙ ማዶ የምታወጣ ሴትዮ አለች።" ልጁን መልሳ አዘለች። ለመንኳት። እኔ ሞላ፣ የማላውቃትን ሴት ቀሚስ ይዤ ለመንኩ። ሰውየው ጃጅቷል ብላ ነው መሰለኝ እጄን አስለቀቀችኝ።

እናኑ ለካ ልብሷን ልትወስድ መጥታ ደጃፉ ላይ ቆማ ኖሯል። ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። "እህቴ፣ አንዴ ነይ፤ እዪኝ" አለቻት። ከንፈሯን በጣቷ ገልብጣ አሳየቻት። ግራውን። ቀኙን። በጠራራ ፀሐይ፣ መንገደኛው እያየ።

"እኔም በልጅሽ ዕድሜ ነው ያወጡልኝ። እዚህ ጋ የለኝም። ይኼኛው ተጣሞ ቀረ። ሰው ፊት አልስቅም፣ አላነብም። ለልጅሽ ይኼን ትፈልጊያለሽ?"

ሴትዮዋ ደነገጠች። "ማነው እንዲህ ያደረገሽ?" አለች።

"አያቴ።"

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች። አዎን፣ እኔ ነኝ አልኩ። እናቷ ተው ስትለኝ ነው ያደረግሁት አልኩ። ይኼን በሰው ፊት ተናግሬ ተቀመጥኩ።

ሁለቱ ሕፃኑን ይዘው ጤና ጣቢያ ሄዱ። እናኑ የተመለሰችው ከቀትር በኋላ ነው። ፈሳሽ አልቆበት ነበር፣ ዱቄቱን በጥብጠው ሲሰጡት አይኑን ገለጠ አለች። ከዚያ በረንዳው ላይ ተቀመጠች፣ ደብተሩን ራሷ አነሣች። ጎንደር የምትሄደው ከዘሃራ ጋር ነው፤ እኔ እንድከተላት አትፈልግም። እሺ አልኳት። የዘንድሮው ሰሊጥ ለዚሁ ይሁን አልኳት።

ከዚያ በድዬሻለሁ አልኳት። አንቺንም እናትሽንም።

ብዕሩ ቆመ። ከዚያ ጻፈችው።

"ይቅር አላልኩዎትም፣ አባባ" አለችኝ። "ይኼንንም ልጻፈው?"

ጻፊው አልኳት።