ባዩ ያለበት ሥዕል

ጥቅምት 6 ቀን 1930
እንቁላል ለጣሊያኑ ካፒቴን ወጥ ቤት አደረስኩ። የቡታጅራ መንገድ ጭቃው ገና አልደረቀም። ማታ ቆጮዬን ብቻዬን በላሁ። ልጄ ባዩ ጣሊያንን ሲወጋ ሶዶ ላይ የወደቀው ባለፈው ሚያዝያ ነው። ሬሳው አልመጣም። ጣሊያኖቹ ለሽፍታ አይለቀስም ብለው አውጀዋል። ስለዚህ እጽፋለሁ... ቀስ እያልኩ።

ጥቅምት 9
የባዩ ክርስትና አባት አስጠሩኝ። አለቃ ወልደማርያም፣ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊው። ካፒቴኑ ከሮም የመጣ ጋዜጣ ሰጥቷቸዋል። የሶዶ ውጊያ ተስሎበታል። ለቢሮዬ ግድግዳ በትልቅ አቡጀዲ ላይ ገልብጥልኝ ብሏቸዋል።
አየሁት። ጣሊያኖቹ ፊት ለፊት፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው። የእኛ ልጆች ሲሸሹ፣ ሁሉም በጎን። መች ሸሹ?
"አየሽ አደይ፣ ባለ አንድ ዓይን አድርገዋቸዋል" አሉኝ።
ገባኝ። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቅ ሁለቱም ዓይኑ ይታያል። በጎን የሚሳለው ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው።
"እንግዲያ ያዙሯቸው።"
"ከጋዜጣው ጋር ቢያስተያየውስ? ያለኝ አንድ አንገት ነው።"
"ባዩን ብቻ?"
ጋዜጣውን አጥፈው ተነሱ።

ጥቅምት 10
ባልጠየቅኳቸው ይሻል ነበር?

ጥቅምት 21
አለቀ። ባዩን ብቻ አይደለም፣ ሁሉንም አዙረዋቸዋል። ጣሊያኖቹን ደግሞ በጎን።
"እጄ እምቢ አለኝ። ስንት ዘመን የለመደ እጅ ነው" አሉ።
ባዩ የቱ ነው? ፊታቸው ሁሉ አንድ ዓይነት... የመላእክት ፊት።
"ግንባሩን እዪ።"
ሕፃን ሳለ ቢላዋ የቆረጠው ጠባሳ። አልረሱትም። ድምፄ እንዳይሰማ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከተትኩ።

ጥቅምት 24
ካፒቴኑ ወደደው። ቀለሙ ከጋዜጣው ይበልጣል አለ አሉ። አስተርጓሚው ሸዋንግዛው ግን የመንዝ ሰው ነው፣ ድቁና ተምሯል። ብዙ አየው አሉ። ከዚያ በአማርኛ፣ "አለቃ፣ ጣሊያኖቹን ምነው? አንገታቸውን ብርድ መታቸው?" ብሎ ሳቀ። ሌላ አልተናገረም።

ኅዳር 3
እንቁላል ባደረስኩ ቁጥር ሥዕሉን በቢሮው በር አያለሁ። እጄን ወደ ጎኔ አድርጌ። ማማተብ የለም፣ እጅ መንሳት የለም። ልጄን እንደማላውቀው ሰው።
ሸዋንግዛው አጠገቤ መጣ። "እትዬ አደይ፣ ብዙ አይቁሙ። እንቁላሉ ይፈለፈልብዎታል" አለኝ። ደግ ነው? ፈሪ ነው? አላውቅም።

ኅዳር 11
ምን ብዬ ልጻፍ...
ከቸሃ ተራራውን አቋርጠው የመጡ ባልቴት የይለፍ ወረቀት ሊያወጡ ገቡ። ሥዕሉን አዩ። ተንበርክከው ጫፉን ሳሙ።
"የትኞቹ ሰማዕታት ናቸው፣ ልጄ?" አሉ ጮክ ብለው።
ካፒቴኑ ምን አለች ብሎ ሸዋንግዛውን ጠየቀው። እንዳልሰማ ወረቀት ማገላበጥ ጀመረ። ካፒቴኑ ጠረጴዛውን መታ። ያን ጊዜ የዓይኑን ነገር ተናገረ። ሲናገር መሬት መሬት ያይ ነበር።
እኔ ቅርጫቴን ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ። ያዙሯቸው ያልኳቸው እኔ ነኝ፣ ማለት ነበረብኝ። እንቁላሉን ቆጥሬ አስረክቤ ወጣሁ።
ከሰዓት በኋላ አለቃን ከቤታቸው ወሰዷቸው። የእጃቸውን ቀለም እንኳ ሳይታጠቡ።

ኅዳር 12
ሥዕሉን አላቃጠሉትም። ወታደር በሳንጃ ፋቀው። ከእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ዓይን። ከዚያ እዚያው መልሰው ሰቀሉት።

ኅዳር 29
አለቃ የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም። ወልቂጤ ናቸው የሚል አለ። አዲስ አበባ የሚል አለ። ሌላም የሚሉ አሉ... አልጽፈውም። እንቁላሉን አሁን ደጅ ላይ ለዘበኛው ሰጥቼ እመለሳለሁ።
ዛሬ ሚስታቸው ብርሃኔ መጣች። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች። ደጃፌ ላይ ቆማ ጠየቀችኝ።
"አደይ፣ ጥቁር ልልበስ ወይስ ልጠብቀው?"
ግቢና እሳት ሙቂ አልኳት።