ላይና ታች የሌለበት ከተማ

ፀሎትዬ፣ ጓደኛሽ ጠፍታልሽ ነበር! ያለሁት ራሺድ ነው፤ ዓባይ ባሕር የሚገባበት የግብፅ ከተማ። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ሆቴሌን ሳጣው፣ አንዱን ዓሣ ሻጭ ሽማግሌ በተሰባበረው ዓረብኛዬ ልክ እንደ ሰፈራችን «ወደ ላይ ነው ወደ ታች?» አልኳቸው። መጀመሪያ ሰማዩን፣ ቀጥሎ ጫማቸውን አዩ። «ልጄ፣ እዚህ ላይም ታችም የለም።»

እውነታቸውን ነው። ከኦሎምፒያ ወደ ካዛንቺስ ስትመለሺ ዳገቱን ጉልበትሽ ያውቀዋል፤ እዚህ ግን አገሩ ሁሉ ለጥ ብሎ ከባሕሩ እኩል ተኝቷል። ለምን ስላቸው፣ «ወንዙ አፈር ተሸክሞ ይመጣል፤ ባሕሩ ጋ ሲደርስ ጉልበቱ ያልቅና ያራግፈዋል። ውኃ ያመጣው አፈር ደግሞ ከውኃው በላይ አይቆለልም» አሉኝ።

«አፈሩ ከየት ነው?»

«ከናንተ ተራራ ነዋ!»

ሆቴሉ ለካ ከጀርባዬ ነበር።

በቃ፣ ፖስት ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እህቴን ፈትያን ሳሚልኝ። አባትሽን ጋሽ ስንሻውንም ሰላም በይልኝ። ክረምት በመጣ ቁጥር ከጎጃሙ ማሳዬ ጎርፍ ወሰደብኝ የሚሉት አፈር በሰላም ደርሷል በያቸው። ሆቴል ተሠርቶበታል፤ ቁርስም አለው፤ መጥተው ይረከቡ።

ዙለይካ