ስምንተኛው ወንበር የእኔ ነው

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ መሥሪያ ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎስ፣ ጉልበትዎስ? ይህን አጥብቄ የምጠይቀው በኮሪደርዎ ሁለት ሰዓት ሙሉ ግድግዳ ተደግፌ ስቆም ያየሁት ብቸኛ ወንበር የመርማሪዎን ኮት ተሸክሞ ስለነበር ነው። ኮቱም ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የምትጽፈው የልጅ ልጄ ናት፤ ስድቡን እየዘለለች ስለሆነ ደብዳቤው ቢያጥርብዎ ጥፋቱ የእሷ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ግን የጭነት መኪና ነድቻለሁ፤ ጎማ በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ምን ያህል እንደሚችል እነግርዎታለሁ። አቤቱታ በቁጥር ይቅረብ ስለተባልኩ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ልጄ ስምንት ሰው የሚይዝ፣ ቤት የሚያህል መኪና አለው። ስምንቱም እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጄ፣ ሚስቱና አራት ልጆቻቸው ነን። ጎማው ሲያልቅ እንደ ድሮው ያለውን መግዛት ሲገባው፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ትልልቅ ቸርኬ ሱቅ ውስጥ አይቶ ልቡ ጠፋ። ቸርኬው ከመተለቁ የተነሳ ለጎማው የተረፈው የቀበቶ ያህል ነበር፤ ያም ወደ ውጭ ወጣ ያለ። ይሄ ስምንት ሰው አይችልም ብል፣ ባለሱቁ አባባ ዘመኑ እኮ ተቀይሯል አለኝ። ዘመኑ መቀየሩን አይቻለሁ፤ የእኔ ክብደት ግን አልተቀየረም።

ሁለተኛ፦ መርማሪዎ፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ እንደ ዘንግ የቀጠነ ሰው ነው። ብቻውን ገብቶ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረበትና ብቁ ነው ብሎ ማኅተሙን መታ። የስምንት ሰው መኪና ለአንድ ቀጭን ሰው ብቁ መሆኑን ስላረጋገጡልን ቤተሰቤ በሙሉ እጅ ነስቶ ያመሰግናል።

ሦስተኛ፦ በማግሥቱ ስምንታችንም ስንገባ የኋላው ጎማ ከፓራፋንጎው ጋር እየተፋተገ እንደ ታመመ አህያ ይጮህ ጀመር። ከዚያማ ምን ልበልዎ፣ መኪናው ሚዛን ሆነ! ትንሹ ልጅ ወረደ፤ ይጮሃል። ምራቴ ወረደች፤ ይጮሃል። ባለቤቴ እየተራገመች ወረደች፤ ይጮሃል። ሁሉም ተመልሰው ገብተው እኔ ብወርድ ጸጥ! በመስኮት አዩኝና በሳቅ ፈረሱ፤ እኔም አጥር ይዤ ሳቅሁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ቅዳሜ እኔ እቤት እንድቀር በፍቅር ተወሰነ።

ቅዳሜ የሚኬደው ታላቅ እህቴ ዘንድ ነው። ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው። ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ የምታውቀኝ እጄን ዳብሳ፣ አውራ ጣቴን ይዛ ነው። ሰላምታህን በስልክ ላክላት ተባልኩ። አውራ ጣት በስልክ የሚላክበት መመሪያ ካለዎት እንዳይነፍጉኝ እለምናለሁ።

ቁጥሩ ጠፍቶኛል፤ ቀጥሎ ያለው ይሁን። ፋብሪካው ትክክለኛውን የጎማ ልክ ጽፎ የሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ለጥፎታል። ፊደል ያልቆጠርኩት እኔ ቦታውን አሳየሁ፣ የልጅ ልጄ አነበበች። የተማሩት ልጄ፣ ባለሱቁና መርማሪዎ ግን በሩን ከፍተው ገቡ እንጂ አላዩትም። ጓሮ ተጥለው የነበሩትን የድሮዎቹን ቸርኬዎች አወጣናቸው፤ በአንደኛው ውስጥ እንቁላል ትጥል የነበረችው ዶሮ እስካሁን አኩርፋለች። ጎሚስታው በልኩ የሆነ ደንዳና ጎማ አለበሳቸው። ስምንታችንም ገባን። ጸጥ! ልጄ አባዬ ይቅርታ አለኝ፤ ደስ ስላለኝ ሁለቴ አስደገምኩት።

ይህንኑ ለማስመርመር ብንመጣ፣ በወረቀቱ ላይ የጸደቀው ያኛው ጎማ ስለሆነ ለዚህኛው ቀጠሮው ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ እስከዚያ እንዳትነዱት ተባልን። እህቴ በእርስዎ ቀጠሮ እንድትቆይልኝ ልጠይቃት ግን አልደፈርኩም።

ስለዚህ ቅዳሜ ጧት በሦስት ሰዓት ስምንታችንም በደጃፍዎ ቀስ ብለን እናልፋለን። ብቅ ብለው ጆሮዎን ቢሰጡን የሚሰሙት ክላክሳችንንና የልጆቹን ጭብጨባ ብቻ ነው። ቅጣት ካለ በእኔ ስም ይቆረጥ፤ ከስምንተኛው ወንበር ላይ ሆኜ በመስኮት እቀበላለሁ።

ለእርስዎ ካለኝ አክብሮት የተነሳ ቆሜ የምጠብቅ፣ ቆሜም የሰለቸኝ አዛውንት፣ ጎማ በማነብበትና እህቴ በምታውቀው አውራ ጣቴ ቀለም ነክሬ ፈርሜያለሁ።

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ አራቱን አብረቅራቂዎች ከነጎማቸው ኮሪደርዎ ውስጥ አጋድመንልዎታል፤ ባለጉዳይ ይቀመጥባቸው። አይስጉ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው እንደሚችሉ መሥሪያ ቤትዎ በማኅተም አረጋግጧል። ቀጭን ከሆነ።