የአቶ ዘርዓብሩክ ወልደሥላሴ ዕረፍትና ማኅበራችን ያዘገየው ክፍል

የአራዳ ታፔላ ጸሐፊዎችና ግራፊክ ዲዛይነሮች ማኅበር መሥራች አባሉንና የሁላችንንም መምህር አቶ ዘርዓብሩክ ወልደሥላሴን ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በሞት መነጠቁን ለአባላቱና ለወዳጆቻቸው ሁሉ በመሪር ሐዘን ያስታውቃል።

አቶ ዘርዓብሩክ በ1941 ዓ.ም. አፍንጮ በር ተወለዱ። በ1959 ዓ.ም. ፒያሳ በሚገኝ የሲኒማ ማስታወቂያ ሥዕል ቤት ቀለም እየበጠበጡ ሥራ ጀመሩ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የራሳቸውን ብሩሽ ያዙ። ከራስ መኮንን ድልድይ እስከ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የልብስ ሰፊው፣ የወርቅ ቤቱና የፎቶ ቤቱ ታፔላ በአብዛኛው የእጃቸው ሥራ ነበር። መንገዱን ተሻግረው ከማዶ ሳያዩት የጨረሱት ታፔላ የለም።

በ1971 ዓ.ም. ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፖስተሮችን ሠሩ። ፊደል የቆጠረ ሰው መጀመሪያ የሚያነበው የሱቅ ታፔላ መሆኑን ያስተዋሉት ያን ጊዜ እንደሆነ ይናገሩ ነበር።

ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ በማኅበራችን የግራፊክ ዲዛይንን ታሪክ በነጻ አስተማሩ። የጃፓንን በተቀረጸ እንጨት የሚታተም ሥዕል፣ የፓሪስን የግድግዳ ማስታወቂያና የኩባን ፖስተር ካሳዩ በኋላ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ፒያሳ ይወጡ ነበር። ሌላው ዓለም ማስታወቂያውን በሙዚየም ሲያኖር እኛ በታፔላችን የሚያፈስ ጣሪያ መድፈናችን ያንገበግባቸው ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሱቆች ሲነሱ ስልሳ ሦስት ታፔላዎችን ከየባለቤቱ ለምነው ሰበሰቡ። ነጋዴው አቶ ሽኩር የአባታቸው ስም ያለበትን የሱቃቸውን ታፔላ አምነው ሰጥተዋቸዋል። ማስቀመጫ ክፍል እንዲፈቀድላቸውም ለማኅበሩ በጽሑፍ አመለከቱ። የሥራ አመራር ኮሚቴው ጉዳዩን በሦስት ስብሰባዎች ለቀጣዩ እያለ አሳደረው። ከሦስተኛው ስብሰባ ማግስት ቢሯችን መጥተው «እኔ እጠብቃለሁ፤ ቀለሙ ነው የማይጠብቀው» ብለው ሄዱ።

ታፔላዎቹ ሁለት ክረምት በግቢያቸው ላስቲክ ለብሰው ከረሙ። የአሥራ ዘጠኙ ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ ለቅቋል። የአቶ ሽኩር አባት ስምም ከእነዚያ አንዱ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር በሐዘን መግለጫ ላይ ማስፈር የተለመደ እንዳልሆነ እናውቃለን። ሆኖም ጥፋታችንን ሸፍነን ሐዘናችንን ብቻ መናገር አልቻልንም።

ማኅበሩ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ተናኘወርቅ፣ ለልጃቸው ለሊያ፣ ለሙያ አጋሮቻቸውና ለተማሪዎቻቸው በሙሉ መጽናናትን ይመኛል። የቀሩት አርባ አራት ታፔላዎች በስማቸው በተሰየመው ክፍል ይቀመጣሉ። ክፍሉን የለቀቅነው በሰልስታቸው ዕለት ነው። በውስጡ የነበሩት ጥቂት የተሰበሩ ወንበሮች ናቸው፤ አውጥቶ ለመጨረስ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብንም።