እሷ ግብር አብልታ፣ እኔ ግብር ከፍዬ

ለክቡር የከተማችን የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ በመስኮት የሚያስተናግዱን ሠራተኞችዎና በሄድን ቁጥር «ሲስተም የለም» የሚባልለት ኮምፒውተራችሁ ሁላችሁም ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው በዚህች ከተማችን ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ያስተማርሁት ጡረተኛዋ የብርጓል ይስማው፣ ከጉልበቴ ሕመምና እርስዎ ከላኩልኝ የግብር ውሳኔ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ የጻፍሁት ለማማረር አይደለም፤ ለማመስገን ነው። ምስጋናዬ በሚገባ እንዲገባዎ ግን አስቀድሜ ስለ ጓደኛዬ ስለ ደብሪቱ ልንገርዎ።

ደብሪቱና እኔ በአንድ መስከረም ተቀጥረን፣ በመምህራን ክፍል አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን፣ አንድ ዓይነት ደመወዝ በላን። በላን ማለቴ እንኳ ስሕተት ነው፤ የበላችው እሷ ናት። እኔ እቁብ ገባሁ፤ ጫማዬን ደጋግሜ እያሰፋሁ ሲሚንቶ ገዛሁ፤ ለበዓል ጎረቤቱ ቅርጫ ሲገባ እኔ ቆርቆሮ አስመጣሁ፤ እንዲህ እንዲህ እያልሁ ጓሮዬ ውስጥ ሦስት የሚከራዩ ሰርቪስ ቤቶች አቆምሁ። ዕቅዴ ቀላል ነበር፤ ጡረታዬ ለጤፍና ለከሰል፣ ኪራዩ ለመድኃኒትና ለክፉ ቀን። ደብሪቱ ግን ደመወዟን የድኻ ልጅ ዩኒፎርም አሰፋችበት፣ ክርስትና አነሣችበት፣ ማኅበር ደገሰችበት፣ መርጡለ ማርያም ድረስ ሄዳ ተሳለመችበት። ልጅ የላትም፤ የክርስትና ልጇ የሌለበት ሠፈር ግን የለም። እኔም ልጅ የለኝም፤ ብሎኬት ግን ነበረኝ።

አንድ ቀን «ደብሪቱ፣ ስታረጂ ማን አለሽ?» ብላት፣ «እግዜርና ጎረቤት» ብላ ሳቀችብኝ። ያንን ሳቅ ቂም አድርጌ ይዤው ኖርሁ። የጡረታችንን ቀን የናፈቅሁት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለማረፍ ብቻ ሳይሆን እሷ ስትጸጸት ለማየት ጭምር ነው።

ቀኑም ደረሰ። በሽኝቱ ሁለታችንንም ጋቢ አለበሱን፤ እሷን ግን የቀድሞ ተማሪዎቿ አቅፈው አለቀሱ፤ እኔን ርእሰ መምህሩ ጨበጠኝ። ቢሆንም ግድ አልነበረኝም፤ አንዲት ነርስ፣ አንድ የባንክ ሠራተኛና አንድ የግብርና ባለሙያ በጓሮዬ ተከራይተው ይኖሩ ነበርና። አዲሱ የግብር ሕግ የመጣው ይህን ጊዜ ነው። እንግዲህ ምስጋናዬ ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፣ ስለ ግምቱ አመሰግናለሁ። ገማች ኮሚቴዎ ክፍሎቼን ከውጭ ተመልክቶ፣ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ቢሆኑ ኖሮ ያወጡ የነበረውን ኪራይ ጻፈልኝ፤ ቤቶቼን እኔ ራሴ ይህን ያህል አክብሬያቸው አላውቅም። የጣሪያና ግድግዳው ግብርም እንዳይቀርበት ተከትሎ አደገ። ከጡረታዬ መክፈል ስላልቻልሁ ኪራይ ጨመርሁ፤ ተከራዮቼም ተራ በተራ ተሰናበቱኝ። መጨረሻ የወጣችው ደም ግፊቴን በነፃ ትለካልኝ የነበረችው ነርስ ናት፤ «እትዬ፣ ደመወዜ አልደርስበት ብሎ እንጂ ከእርስዎስ ባልለይ» ብላ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠችው።

ሁለተኛ፣ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። ክፍሎቹ ባዶ መሆናቸውን ላመለክት ጽሕፈት ቤትዎ በመጣሁ ጊዜ፣ መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት በፍጹም ትሕትና «እትዬ፣ ባዶ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያምጡ» አለኝ። ስለ ዜሮ ብዙ አስተምሬያለሁ፤ ዜሮ ማስረጃ እንደሚቀርብለት ግን የተማርሁት ከእናንተ ነው። ደብሪቱ ጉልበቴ ስለሚያመኝ ልትደግፈኝ አብራኝ መጥታ ነበር። ወጣቱ ሲያያት ከወንበሩ ዘሎ ተነሣና ወጥቶ ጉልበቷን ሳመ፤ ፊደል ያስቆጠረችው እሷ ኖራለች። በዚያውም ቤት ወይም ንግድ እንዳላት ጠየቃት። ምንም የለኝም አለችው። «እርስዎማ ነፃ ነዎት!» አላት።

ክቡር ሆይ፣ ያችን ቃል እስከ ቤቴ ድረስ ስደጋግማት ሄድሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ግብር ስታበላ የኖረችው ነፃ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሳትበላ የኖረችው ግብር ከፋይ። ቀንታ ነው ይሉኝ ይሆናል። አዎን፣ ቀንቼ ነው።

ሦስተኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ከዚህ በኋላ የሆነው ግን አልቆጠር አለኝ።

ደብሪቱ የምትኖረው ተከራይታ ነው። የእሷንም አከራይ ያው ሕግ ደረሰውና ኪራይ ጨመረባት፤ መክፈል አቃታት። ወሬውን እንደ ሰማሁ ቤቴን ጠረግሁ። ስጠብቀው የኖርሁት ቀን መጣ ብዬ፣ በሬን ስታንኳኳ የምላትን ሁሉ አዘጋጀሁ፤ አስቀድሜ ጥቂት ልገሥጻት፣ ከዚያ አንዱን ክፍል ልሰጣት። ብጠብቅ ብጠብቅ አልመጣችም። እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ግን ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ሽማግሌዎች ተቀምጠው አየሁ። ምን ተፈጠረ ብዬ ብጠይቅ፣ ሦስት የክርስትና ልጆቿ «እኔ ወስጄ ልጡራት»፣ «የለም፣ ለእኔ ይገባል» ተባብለው ተጣልተው ኖሮ ሊያስታርቋቸው ነው። በአገራችን በድንበር የተጣላ እንጂ በአሮጊት የተሻማ አይቼ አላውቅም። እኔ ሦስት ባዶ ክፍል ይዤ፣ ስለ እኔ አንድ ሽማግሌ እንኳ ተቀምጦ አያውቅም።

ምን እንደገፋኝ አላውቅም፤ መካከላቸው ገብቼ «እኔ ዘንድ ትምጣ!» አልሁ። ድምፄ ከልኩ በላይ ጮኸ። ደብሪቱ ከተቀመጠችበት ድንጋይ ላይ ቀና ብላ አየችኝ።

«የብርጓል፣ ነይ የምትይኝ መቼ ይሆን እያልሁ ስጠብቅሽ ነበር» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን አትጠይቂኝም?»

«እንዴት ብዬ? ያንን ቤት የሠራሽው እኔ ስበላ አንቺ ጾመሽ መሆኑን እያወቅሁ?»

ያዘጋጀሁትን ተግሣጽ ትቼ እጇን ይዤ ከድንጋዩ አስነሣኋት። የክርስትና ልጆቿ እያጉረመረሙ ዕቃዋን ተሸክመው በማግስቱ አስገቡልኝ። ኪራይ አልጠየቅኋትም።

ጥቂት ሰንብተው አቶ ታረቀኝ የተባሉት ገማችዎ ሜትራቸውን ይዘው ተመለሱ፤ ደብሪቱን በር ላይ ፀሐይ ስትሞቅ አዩና «ተከራይ ገብቷል» ብለው ጻፉ። ጓደኛዬ ናት አልኋቸው። «ስንት ትከፍላለች?» አሉኝ። «ምንም» አልሁ። «እትዬ የብርጓል፣ በዚህ ዘመን በነፃ?» ብለው ከልባቸው ሳቁ። ግምቱም ጸና።

እከፍላለሁ፣ ክቡር ሆይ። ግብር አልጠላም፤ ደመወዜም ከዚያው ሲከፈለኝ ኖሯል። ላልተቀበልሁት ኪራይ የምከፍለውን ለማግኘት ከአጥሬ ዳር የነበሩትን ባሕር ዛፎች ሸጫለሁ። ነገር ግን የማይታየውን መገመት ከቻላችሁ ዘንድ፣ ይህንንም ገምቱልኝ፦ በሬ ከጠዋት ጀምሮ ይንኳኳል፤ ስከፍት «እትዬ ደብሪቱ አሉ?» እባላለሁ። ማር የሚመጣው ለእሷ፣ እርጎ የሚመጣው ለእሷ ነው፤ በገዛ ቤቴ ስሜ «የእትዬ ደብሪቱ ጓደኛ» ሆኗል። ባለፈው ሰሞን ወለተ ሰንበት የምትባል የክርስትና ልጇ አዲስ ነጠላ አመጣችላት። ዓይኔ ነጠላው ላይ መቅረቱን ደብሪቱ አይታ፣ ከትከሻዋ አውርዳ እኔን አለበሰችኝ። ለበስሁት፤ ያምራልም። ቅናቴ ግን ባሰብኝ፤ ደግነቱንም እሷው ወሰደችዋ!

ስለ ትዕግሥትዎ እያመሰገንሁ፣ ግምታችሁ እንደ ጥድ እንዲረዝም፣ ሰልፋችሁ እንዲያጥር እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ሁልጊዜም ታዛዥዎ፣
የብርጓል ይስማው፣ ኪራይ የማትቀበል አከራይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አቶ ታረቀኝ ለክተው ሲጨርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ግንበኛዬ ማን እንደ ነበረ ጠየቁኝ። እሳቸውም ጡረታቸው ስለተቃረበ፣ እያከራዩ የሚጦሩበት ሰርቪስ ቤት ለማቆም መሠረት አስቆፍረዋል አሉ። የግንበኛውን ስልክ ሰጥቻቸዋለሁ። ሌላ ምክር ግን አልሰጠኋቸውም፤ በዚህ ግብር ብቻዬን ከምቀር ብዬ ነው።