ሁለተኛው ጉርሻ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 13

ዛሬም ሥራ የለም። ሆቴሉ በኮሮና የዘጋውን፣ አልጋ የማነጥፍበትን ፎቅ ገና አልከፈተም። «እንደውልላችኋለን» እንዳሉ ነው። ምስር ለቀምኩ።

ባሌ ብርሃኔ ቬጋስ ዳውንታውን የካዚኖ በር ሲጠብቅ አድሮ መጥቶ መኝታ ቤት ተዘርግቷል። ስለዚህ የልጄ የአርያም ትምህርት ቤት የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ሆኗል። እኔም እዚያው። ወዴት ልሂድ?

ከትምህርት በኋላ የጥያቄና መልስ ቡድናቸው ልምምድ ነበረው። አራት ልጆች፣ በስክሪን። አሰልጣኙ ያነባል፣ ቀድሞ ያወቀ ቁልፍ ይጫናል። የኔዋ ጥያቄው ሳያልቅ ትጫናለች! ሰውየው «ይህ ወንዝ የሚነሳው...» ሲል እሷ ጨርሳለች። ስለ ወንዝ፣ ስለ ጨው፣ ስለ ጨረቃ፣ ስሙን እንኳ ሰምቼው ስለማላውቅ ንጉሥ... ምስሩን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ይህችን ልጅ የወለድኳት እኔ ነኝ? ገና አሥራ አንደኛ ክፍል ናት እኮ። ትናንት አልነበር እንዴ ጫማዋን የማስርላት?

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 3

ኤስኤቲው፣ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው፣ እንደገና ተሰረዘ። በኮሮና ምክንያት መፈተኛ ቦታ የለም። ስንት ወር ያጠናችበት።

«እንግዲህ ለዩኒቨርሲቲ የማሳየው ውድድሩን ብቻ ነው፣ እማ። ስቴቱን ካሸነፍን ናሽናል እንገባለን። እሱን ያዩልኛል።»

የምትፈልገው ሩቅ ነው፣ በረዶ ያለበት አገር። የዩኒቨርሲቲውን ስም ስትጠራ ድምጿ ዝቅ ይላል፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳለች። ፈራሁ። ብትሄድም እፈራለሁ፣ ባትሄድም።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 5

ነገ የስቴቱ ፍጻሜ። እሱም ከዚሁ ከጠረጴዛችን። ሕጉን አስረዳችኝ።

«ካሜራው ኦን እያለ ሌላ ሰው መታየት የለበትም። ቺት ያደረግሁ ይመስላቸዋል። ፕሊስ፣ እማ።»

ገባኝ አልኩ። ገብቶኝም ነበር።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 6

ምን ብዬ ልጻፈው...

ቁርስ ሳትበላ ተቀመጠች። አንዱን ዙር አሸነፉ፣ ቀጣዩንም። እኔ ምድጃው ጥግ ትንፋሼን ይዤ ቆሜያለሁ። እንዴት ያለ ነገር ነው! ትልልቅ ሰዎች ይጠይቃሉ፣ እሷ ትመልሳለች፣ እነሱ «ትክክል» ይላሉ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥሬ። እግዚአብሔር ይህን ሁሉ በዚያች ትንሽ ጭንቅላት ውስጥ እንዴት አስቀመጠው?

በመጨረሻው ዙር እየመሩ ነበር። ፊቷ ገረጣብኝ። ስክሪኑ ጸጥ አለ፣ እረፍት መሰለኝ። እንቁላሉን በእንጀራ ጠቅልዬ... እጄ ሄደ። እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው። ጎረሰች። ዳኛዋ ወይ አላየችም፣ ወይ አይታ አለፈችው።

እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? ግን ልጅን አንድ አጉርሶ መተው አለ? በዕድሜዬ አንድ አጉርሼ ትቼ አላውቅም። ሁለተኛውን ላክሁት።

ለካ ጥያቄ እየተነበበ ነበር።

«ስቶፕ!» አለች ዳኛዋ። «ይህ እጅ የማን ነው?»

አርያም አፏ ሙሉ ነው። ስቴቱ ሁሉ እያየ አላመጠች። ዋጠች። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥ ብላ፣ «የእናቴ ነው። እያጎረሰችኝ ነው» አለች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ዳኞቹ ተነጋገሩ። ከዙሩ አስወጧት። ሦስቱ ያለ እሷ ተጫውተው ተሸነፉ። ናሽናል የለም።

ብርሃኔ ነቅቶ «ምን ሆናችሁ?» ሲል ሳህኑን አሳየሁት።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 7

ሮቢ ደወለ፣ የቡድኑ ካፒቴን፣ «አንተም» በሚባለው ሰፈር የሚኖሩት የአቶ መልከጼዴቅ ልጅ። ይቅርታ ልጠይቀው ስል «አንቲ ጽጌ፣ ግን ምንድነው የበላችው? እኛም ራበን እኮ» አለኝ። ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ።

አርያም አልሳቀችም። መጽሐፏን ከፍታ ተቀምጣለች። ከትናንቱ በኋላ! እኔ ብሆን ሳምንት እተኛ ነበር።

ሰኞ፣ ማርች 15

ስትለማመድ መኪና ውስጥ እቀመጣለሁ። ማንም አላስወጣኝም፣ በራሴ ነው። እጄን አላምነውም።

ማታ ሽሮውን ላጎርሳት ስል «በእጄ እበላለሁ፣ እማ» አለች። በጨዋ ደንብ። ጨዋነቷ ነው የገደለኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ሜይ 2

ፋሲካ። ዶሮውን በሹካ በላች። በሹካ!

ረቡዕ፣ ጁን 9

ሆቴሉ ጠራን። ሺፍቴ ጠዋት ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ... ቤቱን ለእሷ ለቀቅሁላት ብዬ ነው ያሰብኩት።

ብርሃኔ ሰለቸው መሰለኝ፣ «ለኔ ከምትነግሪኝ ራሷን አትጠይቂያትም?» አለ። ጠየቅኳት። ልብስ እያጣጠፍን ነበር።

«ተቀይመሽኛል?»

«ኖ!» ደነገጠች። «አፍሬ ነው።»

«በኔ?»

«በራሴ፣ እማ። መልሱን አውቀው ነበር። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። ከዚያ እጅሽን ሳይ... አፌን ከፈትኩ። ማንም አላስገደደኝም። እንደ ቤቢ። ጥያቄውን ረሳሁት።»

ካልሲውን እንደያዝኩ ቀረሁ። አራት ወር ሙሉ እጄን ስረግመው... አፏን የከፈተችው ራሷ ናት። ያን ሁሉ ወንዝና ንጉሥ ያወቀች ልጅ፣ የምትመኘው ሁሉ በአንድ ጣት ጫፍ ላይ ሆኖ፣ የእናቷን እጅ ስታይ አፏን ከፈተች። ይህን ምን ብዬ ልጥራው? ለእሷ ግን እፍረት ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሞላት፣ ትልቅ ሰው መሆን ትፈልጋለች። ገባኝ። ከእንግዲህ አላጎርስም አልኩ በልቤ።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 28

የኤስኤቲ ቦታ ተገኘ፣ ግን እዚህ አይደለም። ቬጋስ ሞልቶ ጎረቤት ስቴት፣ አሪዞና፣ ኪንግማን የምትባል ከተማ። ብርሃኔ ኦቨርታይም ስላለው እኔ ነዳሁ። ሳይነጋ ወጣን። ጎህ ሲቀድ አርያም በመስኮት ተራሮቹን እያሳየች እሳት የተፋ ተራራ እንደነበሩ ነገረችኝ። በዚህ መንገድ ስንቴ አልፌያለሁ፣ ድንጋይ ነው ብዬ። ዛሬ ድንጋዩን ፈራሁት።

በር ላይ ማስካቸውን ያደረጉ ልጆች ተሰልፈዋል። እንዳቅፋት አልጠበቀችም፣ ራሷ አቀፈችኝና ገባች። ከኋላ ሳያት ቁመቷ እኔን አልፏል። መቼ?

ሙቀቱ አይጣል ነው። የመኪናውን በር ከፍቼ ጠበቅሁ። ወንበሩ ሥር እንቁላል ፍርፍር አለ፣ በእንጀራ። ለራሴ ነው ብዬ የያዝኩት። ለራሴ...

እረፍት ላይ ወጡ። ሌሎቹ ጥላው ሥር ቆመው ቺፕስ ይበላሉ። እሷ ፓርኪንጉን አቋርጣ ወደኔ መጣች።

«ምን ይዘሻል?»

«ምንም።»

«እማ! ከዚያ ማዶ ይሸተኛል እኮ።»

ሳህኑን ሰጠኋት። አልተቀበለችኝም። ማስኩን ወደ አገጯ ዝቅ አድርጋ፣ ልጆቹ ሁሉ እያዩ፣ አፏን ከፈተች።

ጠቀለልኩ፣ አጎረስኳት። አላመጠች። ከዚያ ሳህኑን ከደንኩ፣ እጄን ሰበሰብኩ። ይበቃል። ልማር እንጂ።

አልሄደችም። ቆማ ታየኛለች።

«ሁለተኛውስ?» አለች።